የዘገየው መርዶ

ጾመ ነቢያት ሊፈታ አንድ ሳምንት ሲቀረው አክስቴ ከማክሰኝት ደወለች። አባቴ ጆሮው ስለደከመ ስልክ ሲያነሣ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ነው፤ ጎንደር፣ ቁስቋም ባለችው ሁለት ክፍል ቤታችን ለእሱ የተደወለ ሁሉ ለእኔም የተደወለ ያህል ነው።

«ስማኝ ወንድሜ» አለች፣ ሰላምታውን እንደነገሩ ከጨረሰች በኋላ። «ዘንድሮ ለገና እኔ ዘንድ እንዳትመጣ።»

«ምነው? ምን አጠፋሁ?»

«እኔንስ ምንም አልበደልኸኝም። ደጄን ግን ዘግቸብሃለሁ። መጀመሪያ ወደ ላይ ወጥተህ ታላቅህን አይተህ ና። ሽማግሌ ሁኗል። ከዚያ ወዲያ ቤቱም ጠላውም ያንተ ነው።»

አባቴ «እንግዲህ...» ብሎ ሊጀምር ሲል ስልኩ ተዘጋ። ሳጥኑ ላይ አስቀመጠውና ወደ እኔ ዞረ።

«ሰማሻት? ከገዛ እኅቴ ቤት ተባረርሁ።»

የገረመኝ አለመቆጣቱ ነው። እንዲያውም አንድ ሰው ሒድ ብሎ እስኪያዘው ድረስ ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ነበር።

ታላቅ ወንድሙ፣ አጎቴ፣ የሚኖሩት ከዳባት የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ገባ ብሎ ባለ የደጋ መንደር ነው። እሳቸውና አባቴ ከተቀያየሙ ሰባት ዓመት ሆኗቸው ነበር። የተቀያየሙት በመሬት ወይም በከብት አይደለም። በአያቴ መርዶ ነው። የቅያሜው ምክንያት ደግሞ እኔ ነበርሁ፤ ይህን ግን ከአጎቴና ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያን ጊዜ አባቴ ሆዱን ታሞ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ሆስፒታል ተኝቷል። እናቴ ከሞተች ቆይታለች፣ ወንድሞቼም በየአገሩ ተበትነዋል፤ አስታማሚው እኔ ብቻ ነኝ። በሦስተኛው ቀን አጎቴ ራሳቸውን በሻሽ ጠምጥመው ከች አሉ። አባቴ አንቀላፍቶ ነበርና እጄን ይዘው ወደ ግቢው አወጡኝ። ባሕር ዛፉ ሥር ቆመው ሻሹን ገለጥ አደረጉት። ራሳቸው ተላጭቷል።

«እናታችን ዐረፈች» አሉ። «ትናንት ቀበርናት። መርዶውን ይዤ ነው የመጣሁት።»

አለቀስሁ። ከዚያም ዓይኔን ጠርጌ፣ ለመንኋቸው ከምል አዘዝኋቸው ማለት ይሻላል። ስፌቱ ገና አልጠገገም፣ የደም ግፊቱ በቀን ሦስት ጊዜ ይለካል፣ አሁን ቢሰማ ይሞትብኛል አልሁ።

«አያ፣ አፈር ስሆን አይንገሩት። ሲድን እኔ ራሴ እነግረዋለሁ።» አጎቴን እኛ ልጆቹም እንደ አባታችን «አያ» ነው የምንላቸው።

ብዙ አሰቡ። «መርዶ ሲያድር ይመርራል ልጄ» አሉ። ቢሆንም እሺ አሉኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ሻሻቸውን ሳይፈቱ አልጋው አጠገብ ተቀመጡ። አባቴ ዓይኑን እንደገለጠ የጠየቀው «እማየ እንዴት ናት?» ብሎ ነበር። አጎቴ ብርቱካን እየላጡ፣ ቀና ሳይሉ፣ «ደኅና ናት፤ ሰላም በልልኝ ብላለች» አሉት።

ከዚያ በኋላ እኔ ዛሬ ነገ ስል ቆየሁ። ከሆስፒታል ሲወጣ ትንሽ ይጠንክር አልሁ። ሲጠነክር እሑድን ልጠብቅ አልሁ። አርባዋ ወጣ። አንድ ቅዳሜ አባቴ ገበያ ወጥቶ ነጭ ሽንኩርት ሲመርጥ ሻጩ የአገሩ ሰው ሆነና «እግዜር ያጥናዎት፣ እናትዎ ሸጋ ሰው ነበሩ» አለው። በዚያ ቀን እንዴት ቤት እንደደረሰ አላውቅም። ገብቶ መሬት ላይ ተቀመጠ። በልቅሶው መካከል ደጋግሞ የሚለው አንድ ነገር ነበር፦ «አጠገቤ ቁጭ ብሎ፣ ብርቱካን እየላጠልኝ፣ ዋሸኝ።»

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። «አባየ» ብየ ጀመርሁ። ቀና ብሎ አየኝና «አንቺም አልሰማሽም ነበር?» አለኝ።

«አልሰማሁም» አልሁ።

አንዲት ቃል ናት። ሰባቱን ዓመት የበላችው እሷ ናት። አጎቴ በስልክ ሲወቀሱ ስሜን አላነሡም፤ «አጠፋሁ» ብቻ አሉ። አባቴም የእናቱን መቃብር እንኳ ሳያይ ቀረ። መጀመሪያ ከቁጣው የተነሣ ነበር፤ ኋላ ደግሞ መንገዱ ደኅና ባልነበረባቸው ዓመታት በመንገዱ አመካኘ።

በገና ዋዜማ ጧት መናኸሪያ ደረስን። የምንሳፈርበት ሚኒባስ ውስጥ በየሰዉ ጉልበት ላይ ዶሮ አለ፤ ጣራው ላይ ደግሞ ሁለት በግ። አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የጭነት ማኪና ሾፌር ስለነበር ሌላ ሰው በሚነዳው ማኪና አርፎ መቀመጥ አይሆንለትም። ወለቃን አልፈን ዳገቱን ስንጀምር ቀኝ እግሩ ወለሉን ይረግጥ ጀመር።

«ማርሽ ቀንስለት፣ ሞተሩ እያለቀሰ ነው» አለ።

ሾፌሩ በመስታወቱ አየውና ሳቀ። «አባባ፣ ስንት ዓመት ነዱ?»

«አንተ ሳትወለድ ሊማሊሞን በጉም ወርጃለሁ።»

ከዚያ ወዲያ ሾፌሩ በየዳገቱ «አሁንስ አባባ?» እያለ ይጠይቀው ጀመር፤ አባቴም እየተኮሳተረ ይመልሳል፤ ተሳፋሪው ይስቃል። እኔ ግን በመስኮት ወደ ውጭ እያየሁ የምናገረውን በልቤ እደረድራለሁ።

አምባ ጊዮርጊስ ላይ ለሻይ ቆምን። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። አጨዳው አልቆ ማሳው ራቁቱን ቀርቷል፤ በየአውድማው የገብስ ክምር ይታያል። አባቴ ከማኪናው ሳይወርድ ቀረ። ሻይ በብርጭቆ ይዤለት ስመለስ፣

«ምን ብየ ነው ሰላም የምለው?» አለኝ።

«እንደ ድሮው ነዋ።»

«ድሮማ ጉልበቱን ስሜ ነበር።»

ያን ጊዜ ልነግረው ነበር። ሻዩን በሁለት እጁ ይዞ ይጠብቀኝ የነበረ ያህል ተሰማኝ። ነገር ግን ተሳፋሪው ተመለሰ፣ በሩ ተዘጋ፤ እኔም መንገድ ላይ ብነግረው ከዚሁ ይመለሳል ብየ ፈራሁ። ለዝምታየ ምክንያት አጥቼ አላውቅም።

ዳባት ስንወርድ አጎቴ አንዲት በቅሎ ይዘው ቆመው አገኘናቸው። አክስቴ ደውላላቸው ኖሯል፤ ከጧት ጀምረው ነው የቆሙት። ከማስታውሳቸው ይልቅ አጥረዋል፣ ጺማቸውም ነጥቷል። አባቴ ለጉልበታቸው ጎንበስ ሊል ሲል መንገድ ላይ ተወው፤ እሳቸውም በትከሻው ያዙት፤ እንዲሁ በግማሹ ጉንጭ ለጉንጭ ተሳሳሙ።

«እንደምን ከረምህ፣ አያ?»

«እግዜር ይመስገን። እንደምን ከረምህ?»

«እግዜር ይመስገን። ክረምቱ እንዴት ነበር?»

«ሸጋ ነበር።»

ገበያ መንገድ ላይ የተገናኙ ሁለት ሰዎች የሚለዋወጡት ሰላምታ ነው። እኔን ሲስሙኝ ግን አጥብቀው ያዙኝ። ዓይናቸውን ማየት አልቻልሁም።

«በል ውጣ» አሉት አባቴን፣ በቅሎዋን እያስጠጉ። «ሆድህ የተቀደደ ሰው ነህ።»

«ታላቄ በእግሩ እየሔደ እኔ በበቅሎ? አላደርገውም። አንተ ውጣ።»

«እንግዳ በእግሩ አስኪጄ?»

«እሷ ትውጣ» አለ አባቴ ወደ እኔ እያመለከተ። እኔም በሁለት ሽማግሌ መካከል በቅሎ ላይ አልቀመጥም አልሁ። በመጨረሻ ቦርሳዎቻችንን ጫንናትና ሦስታችንም በእግራችን ተከተልናት። ሁለት ሰዓት ሙሉ በዚያ ባማረ ኮርቻ ላይ የእኔ ስኳርና ሳሙና ተፈናጥጠው ሔዱ። መንገደኛው እየቆመ ያየናል። ከገበያ የምትመለስ አንዲት ሴትዮ አላስችል ብሏት፣

«ምነው፣ በቅሎዋ ታማለች?» ብላ ጠየቀች።

«እሷስ ደኅና ናት» አሉ አጎቴ። «የታመምነው እኛ ነን።»

አባቴ ሊስቅ ሲል አየሁት። ሳቁን ዋጠው።

ቤት ስንደርስ የአጎቴ ሚስት በሙቅ ውኃ እግራችንን አጠቡን፣ የጾም ምሳ አቀረቡልን። ቤቱ ቆርቆሮ ከለበሰ ወዲህ አላየሁትም ነበር። በግራ በኩል ያለው መደብ የአያቴ መኝታ ነበር፤ አሁን የድንች ከረጢት ተደርድሮበታል። አባቴ ሌላ መቀመጫ ሞልቶ ሳለ ከከረጢቶቹ አጠገብ ከመደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። መደቡን በእጁ ዳበስ ዳበስ አደረገ። ያን ቀን የተወራው ሁሉ ስለ ገብስና ስለ ውርጭ ነበር።

በማግሥቱ ቅዳሴ ወጥቶ ሕዝቡ ወደየቤቱ ሲበተን አጎቴ አባቴን ክንዱን ነካ አድርገው ከቤተ ክርስቲያኑ በስተ ምሥራቅ ወሰዱት። እኔ ራቅ ብየ ተከተልሁ። ከጥድ ሥር ዙሪያውን በድንጋይ የተካበ መቃብር አለ። አጎቴ «ይኸው» አሉና ጥቂት ወደ ኋላ ተመለሱ።

አባቴ ተንበርክኮ ድንጋዩን ሳመ። ከዚያ በድንጋዮቹ መካከል የበቀለውን ደረቅ ሣር በጣቶቹ እየለቀመ ነቃቀለ። ሲነሣ ወንድሙን ሳያይ፣

«ማን ካበው?» አለ።

«እኔ።»

«ሸጋ አርገህ ክበኸዋል።»

ወደ ቤት ስንሔድ ሁለቱ ጎን ለጎን ነበሩ።

ጾማችንን በዶሮ ወጥ ፈታን፤ የቅርጫውም ሥጋ ደረሰ። ከሰዓት በኋላ መንደሩ ሁሉ ለገና ጨዋታ ወደ መስኩ ወጣ። ለበዓል ከከተማ የመጣው በአንድ ወገን፣ የአገሬው ሰው በሌላ ወገን ተከፈለ። ሁሉም ጫፉ የቆለመመ ዱላ ይዟል፤ ሩሯ፣ ከዛፍ ሥር ተጠርባ የወጣችው ድቡልቡል እንጨት፣ መሐል ላይ ተጣለች። አባቴ ኩታውን ለእኔ ሰጥቶ ዱላ ተዋሰ።

«አባየ፣ ሆድህ!»

«ሰባት ዓመት የሆነው ቁስል አይከፈትም» አለኝ።

መጀመሪያ ከዳር ቆሞ ይጮህ ነበር። ቀስ በቀስ ወደ መሐል ገባ። አጎቴም በወዲያኛው ወገን ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አስረው እንደ ጎረምሳ ይሮጣሉ። አንድ ጊዜ ሩሯ ከጎበዛዝቱ አምልጣ ወደ ሽማግሌዎቹ ተንከባለለችና ሁለቱ ወንድማማቾች ፊት ለፊት ተገናኙ። አባቴ ዱላውን ሰነዘረ። ሩሯ ከዚያ በፊት አልፋ ሔዳለች። ዱላው ያረፈው የአጎቴ ቅልጥም ላይ ነው። ድምፁ እስከ ተቀመጥሁበት ድረስ ተሰማኝ።

አጎቴ በአንድ ጉልበታቸው ወረዱ። ጨዋታው ቆመ። ሰው ሁሉ ስለ ቅያሜው ያውቃል። እሳቸው ግን ዱላቸውን ወደ ላይ አንሥተው፣

«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ!» ብለው ጮኹ። መስኩ በሳቅ ተሞላ፤ ሩሯም እንደገና ተመታች።

አባቴ አልሳቀም። እጁን ሰጥቶ ሲያነሣቸው ሮጬ አጠገባቸው ደርሼ ነበርና ዝቅ ባለ ድምፅ ያለውን ሰማሁት።

«ስቼ አይደለም የመታሁህ፣ አያ።»

«ዐውቃለሁ» አሉ አጎቴ። «ቀለለህ?»

ክንዳቸውን አንሥቶ ትከሻው ላይ አሳረፈ።

በእኔና በእሱ ትከሻ ተደግፈው ቤት ገቡ። አጥንታቸው አልተሰበረም፤ ቅልጥማቸው ግን አብጦ ጠቁሯል። የአጎቴ ሚስት ውኃ በጨው አሞቁልኝ። እኔ ከእግራቸው ሥር ተቀምጬ በጨርቅ እየነከርሁ እይዝላቸው ጀመር። ጨርቁ ባረፈ ቁጥር ጥርሳቸውን ይነክሳሉ፤ አባቴ ከመደቡ ላይ ሆኖ ያያል። ያን እብጠት በእጄ ይዤ ዝም ማለት አልቻልሁም።

«አባየ» አልሁ፣ ቀና ሳልል። «ይኸ ዱላ ለእኔ ነበር የሚገባው።»

አጎቴ እግራቸውን ሰበሰቡ። «ተይ አንቺ ልጅ። በዓል ነው።»

«አልተውም፣ አያ። ብዙ ተውሁት።»

ሁሉንም ነገርሁት። ከባሕር ዛፉ ሥር የተባባልነውን፣ አይንገሩት ብየ ያዘዝሁት እኔ መሆኔን፣ ዛሬ ነገ ያልሁበትን እያንዳንዱን ምክንያት። ስጨርስ ውኃው ቀዝቅዞ ነበር። የአጎቴ ሚስት አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፍነው ቆመዋል።

«አልሰማሽም ወይ ብየ ጠይቄሽ ነበር» አለ አባቴ።

«አዎ።»

«አልሰማሁም አልሽኝ።»

«አዎ፣ አባየ።»

ወደ ወንድሙ ዞረ። «አንተስ? ይኸን ሁሉ ዘመን በክፉ ሳነሣህ ምነው ዝም አልህ?»

አጎቴ ጨርቁን ከእጄ ወስደው ራሳቸው እግራቸው ላይ ጫኑት። «ምን ልበልህ? እኔ እዚህ ነኝ፣ ሩቅ ነኝ። ብትቀየመኝም ቤትህ አይጎድልም። እሷን ብትቀየም ግን ማን ውኃ ያቀብልህ ነበር? ደግሞስ ቃሉ ከማን አፍ ወጣ? ደኅና ናት ያልሁህ እኔ አይደለሁም?»

አባቴ ተነሥቶ ወጣ። ልከተለው ስል አጎቴ «ተይው» አሉኝ። በበሩ በኩል ይታየኛል፤ አውድማው ዳር ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። አንድ ጊዜ ከክምሩ ዛላ መዝዞ በመዳፉ ፈትጎ ቃመ። ከመስኩ የጨዋታው ጩኸት ይመጣል። ከዚያ ወዲያና ወዲህ ተመላለሰ። እኔ ውኃውን ደፍቼ፣ ጨርቁን አጥቤ፣ ሌላ የምሠራው አጥቼ በር ላይ ተቀመጥሁ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ተመለሰ። ምንም ሳይለኝ በአጠገቤ አለፈ። ከቦርሳው ለማን እንደገዛው ሳይነግረኝ ከጎንደር ይዞት የመጣውን አዲስ ጋቢ አወጣና በወንድሙ ትከሻ ላይ ጣል አደረገው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ።

«ማረኝ፣ አያ።»

«እግዜር ይማርህ። ቀስ በል፣ እግሬን!»

የአጎቴ ሚስት እልል አሉ። ጎረቤት ምን ተገኘ ብሎ መጣ፤ ጠላ ተቀዳ። ሁለቱ መደቡ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ስለ እናታቸው ያወሩ ጀመር፤ እንዴት እንደታመመች፣ በመጨረሻዋ ሰዓት ማን ማንን እንደጠራች። አባቴ ያን ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ መስማቱ ነበር። ልብ ብየ ሳስበው ሰባት ዓመት ያጣው እርቁን ብቻ አይደለም፤ ይህን ወሬም ነው። ይህን የከለከልሁት እኔ ነኝ። ጥግ ላይ ሆኜ አብሬ ሰማሁ፣ አብሬ አለቀስሁ። እሱ ግን ያን ምሽት አላናገረኝም።

እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ተማሪዎቼ ይጠብቁኛልና በሦስተኛው ቀን ለመመለስ ተዘጋጀሁ። አባቴ ቦርሳውን አላሰናዳም።

«እኔ እቀራለሁ» አለ። «እግሩን የመታሁት እኔ ነኝ። ገብሱን ማን ይውቃለት?»

«በሬ መንዳት ረስተሃል» አሉት አጎቴ።

«ከሊማሊሞ አይብስም።»

እስከ መንደሩ ጫፍ ሸኘኝ። ቀስ እያልን ስንሔድ መሬት መሬቱን እያየ ተናገረ።

«አልተቀየምሁሽም አልልሽም። ተቀይሜሻለሁ። ስለ እኔ ብለሽ እንዳደረግሽው ግን ይገባኛል። ለእናቴ የማለቅስበትን ቀን ለእኔ መምረጥ አልነበረብሽም።»

«ዐውቃለሁ፣ አባየ።»

«ከእንግዲህ የሚሞት ሰው ካለ በዕለቱ ትነግሪኛለሽ። ብታመምም። ሆስፒታል ብተኛም።»

«እሺ።»

«ብሞትም እንኳ።»

ቀና ብየ አየሁት። የራሱን ንግግር ዘግይቶ ሰማውና ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ግንባሬን ሳመኝና «በይ ማኪናው እንዳያመልጥሽ» አለኝ።

ያን ዕለት ማታ ለአክስቴ ደውየ ሁሉንም ነገርኋት። «አሁን ደግሞ በአንቺ ላይ ነበር ደጄን መዝጋት የሚገባኝ» አለችና ቀጥላ «ለጥምቀት ነይ፣ ብቻሽን አትዋይ» አለችኝ።

አባቴ ለጥምቀትም አልመጣም። የመጣው ጥምቀት ካለፈ ከሳምንት በኋላ ነው፤ ፊቱ በደጋ ፀሐይ ተቃጥሎ፣ ኮሌታው ውስጥ ገለባ ገብቶ። ራት አቀረብሁለት። እየበላ በሬዎቹ አንደኛው ቀን እንዴት እንደናቁት፣ ሁለተኛው ቀን በሾፌር ቋንቋ «ማርሽ ቀንስ» ሲላቸው አጎቴ ከሳቅ ብዛት እንዴት አውድማው ላይ እንደተቀመጡ አወራኝ። እኔም ቶሎ እንዳያልቅ ደጋግሜ ጠየቅሁት፤ እሱም ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገረኝ።